ራስ አሉላና ያልተከፈለው ውል

ለዘንድሮው የማኅበራችን የዓመት መጽሐፍ የአንድ የቀድሞ ታላቅ ሰው ሕይወት ጻፍ ስባል ብዙ አላመነታሁም፤ ራስ አሉላ አባ ነጋን መረጥኩ። ሁላችንም ከልጅነታችን ዶጋሊ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኔ ግን እኚህን ሰው በደንብ የተዋወቅኳቸው በጦርነት ታሪክ አይደለም፤ የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስለ ዓለም አቀፍ ውሎች ሳነብ የ1876ቱን የአድዋ ውል አግኝቼ ነው። ውሉ ላይ የአሉላ ፊርማ የለም። ዋጋውን የከፈሉት ግን ከፈራሚዎቹ በላይ እሳቸውና ወታደሮቻቸው ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

አሉላ እንግዳ የተወለዱት ተምቤን ውስጥ መነዌ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የመኳንንት ዘር የላቸውም፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ስለ ልጅነታቸው የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። ከእኩዮቻቸው ጋር መንገድ ዳር ሲጫወቱ የሠርግ እንጀራ ተሸክመው የሚያልፉ ሰዎችን አስቁመው ወዴት ትሄዳላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ሰዎቹም በሹፈት፣ ወደ ራስ አሉላ ግቢ ነው የምንሄደው አሏቸው ይባላል። ሹፈቱ እውነት ሆነ። መጀመሪያ የአፄ ዮሐንስ አጎት የሆኑትን ራስ አርአያን አገለገሉ፤ ቀጥሎ ወደ ንጉሡ ቤት ገብተው ኤልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር በተደረጉት ውጊያዎች ስማቸው ወጣ፤ ጦርነቱ እንዳለቀም የራስነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የመረብ ምላሽ ገዥ ሆኑ። የትልልቅ ቤት ልጆች ይህ የገበሬ ልጅ ከየት መጣብን ማለታቸው አልቀረም። በኋላ መቀመጫቸውን ያዛወሩት ወደ አስመራ ነው፤ ያኔ ትንሽ መንደር የነበረችው አስመራ የአስተዳደርና የገበያ ማዕከል መሆን የጀመረችው በእሳቸው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። በ1876 ሱዳን ውስጥ የመህዲ ተከታዮች፣ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው፣ የግብፅን አገዛዝ እያፈራረሱ ነበር። ግብፅን የያዘችው እንግሊዝ በከሰላ፣ በአሚዴብ፣ በሰንሒትና በሌሎችም ቦታዎች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች የምታወጣበት መንገድ አጣች። መንገዱ ያለው በኢትዮጵያ በኩል ብቻ ነው። አድሚራል ሂዌት ተልኮ መጣ፤ ግንቦት 1876 አድዋ ላይ ውሉ ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡትን ወታደሮች በአገራቸው በኩል ወደ ምጽዋ ያሳልፋሉ፤ በምላሹ ግብፅ የወሰደችው ቦጎስ ይመለሳል፤ በምጽዋ ወደብ የሚያልፍ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ፣ መሣሪያና ጥይት ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ያለ ቀረጥ ይተላለፋል። በሕግ ሰው ዓይን ሲታይ ጥሩ ውል ነው። ሰጥቶ መቀበል ነው፤ የጊዜ ገደብም አለው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ጠባቂው ወደቡን ለሌላ ቢያስረክብስ? ለዚህ ምንም አልተባለም።

አሉላ የራሳቸውን ድርሻ ፈጸሙ። አሚዴብ፣ ሰንሒት፣ መተማና ጊራ የነበሩት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ጦር እየታጀቡ ወጡ። ትናንት ጉራ ላይ ሲዋጓቸው የነበሩትን ሰዎች ነው እኮ! ከሰላ ብቻ ቀረች። እንግሊዞች ቶሎ ድረሱላት እያሉ ሲወተውቱ ከተማዋ በረሃብ እጅዋን ሰጠች፤ አሉላ ግን ጉዞውን አልተዉም። መስከረም 1878 ኩፊት ላይ ከኡስማን ዲግና ጦር ጋር ገጥመው ድል አደረጉ። ድሉ ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ የፈጀ ነበር። ከሐማሴን፣ ከአከለ ጉዛይ፣ ከትግራይ የሄደ ገበሬ ወታደር፣ አይቶት ለማያውቅ የግብፅ ጦር ሲል ቆላ ወርዶ ሞተ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኩፊት ላይ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ ውሉ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል። ጥር 1877 መጨረሻ ላይ የኢጣልያ ወታደሮች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋ ገብተዋል። እንግሊዝ ቀይ ባሕር ላይ ፈረንሳይ ከምትጠናከር ኢጣልያ ብትጠናከር ይሻለኛል አለች፤ በቃ። መጀመሪያ ኢጣልያኖቹ ውሉን እናከብራለን እያሉ ነበር። ቀስ በቀስ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ከወደቡም ወጥተው ሰሐጢና ዊዓ ላይ ሰፈሩ። አሉላ በበኩላቸው ሲራራ ነጋዴ ወደ ምጽዋ እንዳይወርድ መንገድ እስከመዝጋት ደረሱ። አንዱ ወደቡን፣ ሌላው ደጋውን ይዞ ተፋጠጠ፤ የተጎዳው በመካከል ያለው ነጋዴና አርብቶ አደር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጥር 1879 ሰሐጢ ላይ የተደረገው ጥቃት ከሸፈ፤ በማግስቱ ለሰሐጢ ስንቅና ጥይት ይዞ ይሄድ የነበረው ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራው 500 ያህል ሰው ዶጋሊ ላይ ተከቦ አብዛኛው አለቀ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ነው። አሉላ የሳሊምቤኒን መልእክተኞች አስረው ነበር። ከዶጋሊ በኋላ ሊለቋቸው የተስማሙት ምጽዋ ላይ ተይዘው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች እንዲሰጧቸው ነው፤ ጄኔራል ጄኔም ሰጠ። ለዚህም ከሹመቱ ተነሣ። በውል የተፈቀደ ዕቃ በመያዣ ተለቀቀ ማለት ነው። ሰው ማገቱን አላመሰግንም፤ ግን ወደዚያ የገፋቸው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እንግሊዝ ምን አደረገች? በ1880 መጀመሪያ ጄራልድ ፖርታልን ለሽምግልና ላከች። ይዞት የመጣው ሐሳብ ኢትዮጵያ ስለ ዶጋሊ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ሰሐጢንና ዊዓን ኢጣልያ ትያዝ የሚል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ወታደር አውጡልን ብላ ለምና የመጣችው ያቺው እንግሊዝ ናት። አፄ ዮሐንስ አልተቀበሉም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስብሰባ ሮም ሄጄ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወጣ የአደባባዩን ስም አየሁ፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። የዶጋሊ ሟቾች ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ መታሰቢያቸው ቆሟል፤ ሐውልቱ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ዘመን ድንጋይ ነው፤ ስማቸውም ተጽፎበታል። ቆሜ ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። ወታደሮቻቸው ባልተጋበዙበት አገር ነው የሞቱት፤ ያም ሆኖ መንግሥታቸው ስማቸውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ጻፈላቸው። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ኩፊት ነው።

ለአሉላ ወታደር ደመወዝ የለውም። የሚሰጠው ማደሪያ መሬት ነው፤ እሱ ካልበቃ በገበሬው ቤት ተሠሪ ሆኖ ይበላል፤ ዘመቻ ሲሆን ደግሞ ከብት ይዘርፋል። ስለዚህ ለወታደሩ የሚገባውን ዋጋ የሚከፍለው ንጉሡ ሳይሆን የሐማሴን ገበሬና የቆላው አርብቶ አደር ነበር። ይሄን ደብቀን ታሪክ መጻፍ አንችልም። በ1879 መጀመሪያ በኩናማና በናራ ሕዝብ ላይ የተደረገው ዘመቻ እጅግ የከፋ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የአሉላ ስም ሲነሣ የሚታወሰው ዶጋሊ አይደለም።

የውሉ ዕዳ ደግሞ እያደገ መጣ። ግብፆችን አሳልፎ ማውጣት ኢትዮጵያን ከደርቡሾች ጋር ዓይንና ናጫ አደረጋት። ጥር 1880 የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሣር ውኃ ላይ ተሸነፈ፤ ጎንደርም ተቃጠለ። አፄ ዮሐንስ ሰሐጢ ድረስ ወርደው ከምሽጉ አልወጣ ያለውን የኢጣልያ ጦር ትተው የተመለሱት ይሄ እሳት ከኋላቸው ስለነደደ ነው። መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። አሉላ በጦር ሜዳው ነበሩ። ወደ ትግራይ ሲመለሱ ጌታቸው የሉም፤ ሐምሌ 1881 ደግሞ አስመራ በኢጣልያ ተያዘች። ወታደሮቻቸው ማደሪያ ያገኙት ከመረብ ማዶ ስለነበር መሬቱም አብሮ ሄደ። ላዩ ላይ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብት አለቀ፤ ሰው በረሃብ ረገፈ። አሥራ ሦስት ዓመት ድንበር የጠበቀ ጦር የሚበላው አጥቶ ተበተነ።

አሉላ ከራስ መንገሻ ጋር ቆይተው በ1886 አዲስ አበባ ገብተው ለአፄ ምኒልክ አደሩ። ሥልጣን የሌላቸው አዛውንት የጦር አዛዥ ሆነው ነው አድዋ የዘመቱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአዲ አቡን በኩል ተሰልፈው ተዋጉ። ከድሉ በኋላ መረብን ተሻግረን እንከተል የሚል ፍላጎት ነበራቸው ይባላል። ምኒልክ ተመለሱ። በእሳቸው አልፈርድም፤ ጦሩ ተርቦ ነበር። ብቻ ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ሲፈረም መረብ ወሰን ሆነ፤ የአሉላም አገር ማዶ ቀረ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ በዚያው በተወለዱበት በተምቤን ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣሉ። ተዋጉ። ሐጎስ ሞቱ፤ አሉላም ቆሰሉ። የካቲት 1889፣ አድዋ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቁስላቸው ሳይድኑ ዐረፉ። ከአድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበሩ።