የአለቃ ገብረ ሃና ሳቅና ዕዳው

አለቃ ገብረ ሃናን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። የሚያውቃቸው ግን በቀልዳቸው ነው። የጎንደር በአታ አለቃ የነበሩ፣ ቅኔውን፣ አቋቋሙንና ፍትሐ ነገሥቱን የዘለቁ ሊቅ መሆናቸውን ብዙዎቻችን የምንሰማው ዘግይተን ነው።

ትውልዳቸው ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ቀልዳቸው የተቀዳው ከተማሩት ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅኔ ቤት ተማሪውን አንድን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋል ያስለምደዋል፤ አለቃ ደግሞ ይህንኑ ይዘው ገበያና ግብር አዳራሽ ወጡበት። አህያዋን እየነዳች ለምትሄድ ሴት በብዙ ቁጥር ሰላምታ ሰጡ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ሳቁ ያለው በግሱ መድረሻ ላይ ነው። ጌቶችን ሲወጉም እንዲሁ ነበር። የተወጋው ሰው አብሮ ስቆ ይወጣና ነገሩ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው። ሹም በግልጽ በማይነቀፍበት ዘመን ሆዳሙ ካህንና ስስታሙ ባለጸጋ በአደባባይ የሚዳኙበት ችሎት ይህ ሳቅ ነበር።

ዕዳውም አልቀረላቸውም። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ዕውቀታቸውን ቢያከብሩም ምላሳቸውን አልወደዱላቸውም፤ አለቃም ከጎንደር ርቀው በጣና ደሴት ተጠለሉ ይባላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ወርደው ቤተ መንግሥቱን ቢጠጉም፣ ቀልዳቸው ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አቀያየማቸው፤ ዞረው ዞረው ወደ ትውልድ ቀያቸው እንደተመለሱ ይነገራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ዕዳውን ተካፍለዋል። በቀልዶቹ ውስጥ አልፎ አልፎ መልስ ሲሰጡ ብንሰማም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሳቅ የኖረው በእሳቸው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አለቃ በደሴቱ ሳሉ የሐይቁን ማዕበልና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ደንገል እያዩ አዲስ የአቋቋም ስልት ቀመሩ የሚል ትውፊት አለ። ስልቱን አስተምረው ያስፋፉት ልጃቸው አለቃ ተክሌ ስለሆኑ የተክሌ አቋቋም ተባለ። የጎንደር ሊቃውንት በነባሩ ስልታቸው ሲጸኑ የተክሌ ማዕከል ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የጥምቀት በዓል ላይ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሉ ቆሞ የሚያይ ምዕመን፣ ቀልደኛው ሰውዬ ትዝ የሚሉት አይመስለኝም።

በአንጻሩ ባለቤት ያጣ ባለጌ ቀልድ ሁሉ ወደ እሳቸው ይጠጋል። ብዙው የቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው የፈጠረው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ተራኪው ግን አለቃ ገብረ ሃና ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሰሚውም ስሙን እንደሰማ፣ ቀልዱ ገና ሳይነገር ጥርሱን ይገልጣል።