በሽቦ የተጫወተው መሐንዲስ

አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ቀራጺ፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። በ11 ዓመቱ ከናስ ቆርቆሮ ውሻና ዳክዬ ሠርቶ ለገና ለወላጆቹ ሰጣቸው። ዳክዬዋ ነካ ሲያደርጓት ትወዛወዛለች።

ካደገ በኋላ በ1919 በምሕንድስና ተመረቀ። ሥራ ቢቀያይርም ልቡ አልረጋ አለ። በ1923 ኒውዮርክ ውስጥ ሥዕል መማር ጀመረ፤ በ1926 ፓሪስ ገባ። እዚያ ከሽቦ፣ ከጨርቅና ከቡሽ አንበሳውንም ዝሆኑንም እየሠራ ትንሽ ሰርከስ አቋቋመ። ሰርከሱን በሻንጣ ይዞ እየዞረ፣ በገዛ እጁ እያንቀሳቀሰ ለትልልቅ ሰዎች ያሳይ ነበር።

ታዲያ ምሕንድስናው ከንቱ ቀረ? የለም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቅጠልና ዓሣ የሚመስሉ ስስ ብረቶችን ሚዛናቸውን ጠብቆ በሽቦ አንጠለጠለ፤ ነፋስ ሽው ሲል ይዞራሉ። ብዙው ሰው ቅርጽ ማለት ቆሞ የሚቀር ነገር ነው ብሎ ሲያስብ እሱ እንዲንቀሳቀስ አደረገው። በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ ዐረፈ።

ነገ በምንገባበት ክፍል ሽቦ እየጠመዘዘ መኪና የሚሠራ ልጅ መቼም አይጠፋም። ቀምተን ከመጣላችን በፊት፣ የሚዛንን ትምህርት በዚያው ሽቦ ብንጀምርለትስ?