የአራቱ ነጻነቶች ሠዓሊ፦ ኖርማን ሮክዌል

እ.አ.አ. በ1894 ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደው ኖርማን ሮክዌል፣ አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ለመዝመት ዕድሜው አልፎ ነበር። በብሩሹ ሊያግዝ ቆረጠ።

ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የዘረዘሯቸውን አራት ነጻነቶች፣ ማለትም የመናገርን፣ የአምልኮን፣ ከችጋርና ከፍርሃት መላቀቅን፣ በተራ ሰዎች ሕይወት ለማሳየት አስቦ ንድፉን ወደ ዋሽንግተን ወሰደ። ባለሥልጣናቱ አልተቀበሉትም። ‘ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት’ የተሰኘው መጽሔት ግን ተቀበለው፤ ሥዕሎቹም በ1943 ታተሙ።

ቀድሞ ፊት የነሣው መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፖስተሮች አሳትሞ አሰራጨ። ዋናዎቹ ሥዕሎች በ16 ከተሞች ለዕይታ ሲቀርቡም ሕዝቡ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የጦርነት ቦንድ ገዛ።

ሥዕሎቹ ለዕይታ በወጡ ሰሞን የሮክዌል የሥዕል ቤት በእሳት ወደመ፤ በርካታ ሥራዎቹም አብረው ጠፉ። አራቱ ግን ተረፉ። ሠዓሊው በ1978፣ በ84 ዓመቱ አረፈ።