ሙሴ ኢልግና የምድር ባቡሩ ውል

አልፍሬድ ኢልግ በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. ተወለደ። በዙሪክ የመሐንዲስነትን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ ዐዋቂ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቶ፥ ከሁለት ሠራተኞች ጋራ ባሕር ተሻግሮ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበረ። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል፤ እርሱም ያልተማረውን ሥራ አልናቀም፥ ሁለቱንም ሠራ። ኋላም በአዋሽ ላይ ድልድይ አቆመ፤ ለቤተ መንግሥቱም ውሃ በቧንቧ አስገባ። ይህን ሁሉ በሰፊው መተረክ በተቻለ፤ ነገር ግን የድሬዳዋ ልጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ የምድር ባቡሩ ነገር ነው፥ ከተማቸው በእርሱ ተቈርቊራለችና።

በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። ኢልግ ይህን አይቶ የባቡር መንገድ አሳብ ለንጉሠ ነገሥቱ ደጋግሞ አቀረበ። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ የፈቃዱን ውል ሰጡት። ውሉ ለ99 ዓመት ነበረ፤ ሌላ ኩባንያ በዚያ መንገድ ተወዳዳሪ ባቡር እንዳይሠራም ይከለክላል። ኩባንያው በፈንታው ከሐዲዱ ጋራ የቴሌግራፍ ሽቦ ሊዘረጋ፥ የተጣራው ትርፍ ከ3,000,000 ፍራንክ ሲያልፍም የትርፉን እኩሌታ ለመንግሥት ሊከፍል ግዴታ ገባ። እንግዲህ ነጋዴው እንዲያተርፍ ተፈቀደለት፥ አገሪቱ ግን ከትርፉ እንዳትቀር በጽሑፍ ታሰረ።

ዳሩ ግን ውሉ አንድ ነገር ሳያስር ቀረ፤ የኩባንያው ባለቤቶች እነማን እንደሚሆኑ። ኢልግና ሸሪኩ ፈረንሳዊው ሼፍኑ ገንዘብ አጥሮአቸው ነበርና አክሲዮኑ በፓሪስና በሎንዶን ተሸጠ። ገዢዎቹም ስለ ሸዋ ሲራራ ምን ገዶአቸው! የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ድርሻቸውን ሲያበዙ ፈረንሳዮች ሠጉ፤ በጥር ወር 1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊረዳ ተዋውሎ ኩባንያውን በራሱ ቊጥጥር ሥር አደረገ። ይህ ሁሉ ዓፄ ምኒልክ ሳይጠየቁ ተደረገ። እርሳቸውም እጅግ ተቈጡ፤ ሐዲዱ ወደ ፊት እንዲቀጥል አልፈቀዱም። የንጉሡ አማካሪም የኩባንያው መሥራችም የነበረው ኢልግ በሁለቱ መካከል ተጨነቀ። በእኔ አስተያየት ከበደሉ ጥቂቱ የእርሱም ነው፤ አንድ ሰው ውል ሰጪውንም ውል ተቀባዩንም ሊያገለግል ይከብደዋል።

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር በዬና ከተማ ኤርንስት አቤ የሚባል ሊቅ ሌላ መንገድ ፈልጎ ነበር። የዛይስን የመነጽር ፋብሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ለበጎ አድራጎት ማኅበር ሰጠ፥ በ1896ም ሕጉን ጻፈለት። በዚህ ሕግ የፋብሪካው ትርፍ ለሠራተኞቹ ጡረታና ለዬና ዩኒቨርሲቲ ጭምር እንዲውል፥ የአለቃውም ደመወዝ ከሠራተኛው አማካይ ደመወዝ ከዐሥር እጥፍ እንዳያልፍ ተወሰነ። የአቤ ፋብሪካ ግዴታ በራሱ መተዳደሪያ ውስጥ ተጻፈ፤ የኢልግ ኩባንያ ግዴታ ግን በአዲስ አበባ ወረቀት ላይ ነበረ፥ ጌቶቹ ግን በአውሮጳ። ዛሬ በአሜሪካ ከሜሪላንድ ጀምሮ በ2002 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ኩባንያ ከትርፉ ጋራ የሕዝቡንና የምድሩን ደኅንነት ሊጠብቅ በመተዳደሪያው ግዴታ እንዲገባ መንገድ ከፍቷል።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተነሣው ሥራ ሐረር ሊደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው በታች በሜዳው ቀረ። ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ፥ ይህችም ድሬዳዋ ናት። ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች አወጣ። ከዚህ ወዲያ ገንዘቡም ፈቃዱም ስለ ጠፋ ሐዲዱ ለዓመታት ቆመ፤ ጭነት ሁሉ ከባቡር ወርዶ በግመል የሚጫነው እዚሁ ሆነ፥ ነጋዴውም፥ ሐማሉም፥ ባለ ግመሉም ተሰበሰበ። ኩባንያውን የጐዳው ለከተማይቱ በጃት።

ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። በሚከተለው ዓመት ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክቶር ቪታሊያን አዲስ ውል ተሰጠ፥ ሥራውም ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ኢልግ ግን ማዕርጉን ትቶ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። በ1908 ዓ.ም. በልደት በዓል ቀን በዙሪክ ዐረፈ፤ ባቡሩም በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ገባ።