ልዕልት ፀሐይ በነርስነት ሙያ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንዲት ነርስ ጥቂት እንድንጽፍ ያነሣሣን በአንድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሰማነው ክርክር ነው። አንድ አባላችን ልጃቸው ነርስነት ልማር ብትላቸው፣ የሰው ቁስል ማጠብ ለእርሷ አይገባም ብለው እንደከለከሏት አጫወቱን። ከጎናችን የተቀመጡ አዛውንት ግን የጃንሆይን ልጅ አነሡባቸው። ክርክሩ ሳያልቅ የቀብር ሰዓት ደረሰና ተነሣን። የቀረውን እንግዲህ እዚህ ላይ እንጨርሰው።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የመጨረሻ ሴት ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ሲወረን ገና የ16 ዓመት ልጅ ሆነው ሳለ፣ ሴቶችን እያስተባበሩ ለጦር ሜዳ የሚሆን ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ያሰናዱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ ኋላም እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሰው አገር ያለች የንጉሥ ልጅ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ማን ይወቅሳታል? እርሳቸው ግን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ከሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። የነርስ ተማሪ መሆን ያን ጊዜ ነጭ ለብሶ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ አይደለም፤ አልጋ ማንጠፍ፣ የበሽተኛ ሰገራ መድፋት፣ ሌሊቱን ቆሞ ማደር አለበት። በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀታቸውን አገኙ። በዚህም በቃኝ አላሉም፤ ጋይስ ወደተባለው ሆስፒታል ገቡና፣ የጀርመን አይሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ እርሳቸው በሽተኛ ያስታምሙ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ስትወጣ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የተማረ ኢትዮጵያዊ ነርስ በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። ከዚያም ኋላ ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ፣ ለቀምት ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም እዚያው ዐረፉ። 23 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የሕፃናትን ነፍስ ለማትረፍ ስንት ዓመት የደከሙ ሴት፣ ስንቷን የአገራችንን እናት በወሰደው ሞት ሄዱ። እኛ ቀብር የምናስፈጽም ሰዎች ነንና ይህ ሞት እንዴት ያለ እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ድንኳኑ ውስጥ ቃል የሚያወጣ ሰው ይጠፋል። አስከሬናቸው አዲስ አበባ፣ በኣታ ለማርያም ዐርፏል።

የለንደን ወዳጃቸው ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰቡን ያዙ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ከአብዮቱ በኋላ ለጦር ሠራዊቱ ተሰጠና ስሙ ተለወጠ። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ ጦር ኃይሎች እያለ የሚጣራበት ሰፈር ያለው ሆስፒታል እርሱ ነው።

ይህንን ለአባላችን በወሩ ስብሰባ ላይ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ኋላ እንደነገሩን ባለቤታቸው የበኩር ልጃቸውን የተገላገሉት እዚያው ሆስፒታል ነው፤ ሌሊቱን አጠገባቸው ያደረችውን ነርስ መልክ እስከ ዛሬ አልረሱትም። ልጅቱ ፎርሙን ሞልታ ጨርሳለች። የቀረው የአባትየው ፊርማ ነው።