የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ

ለአንበሳሜና ለፎገራ ሰው ደንቀዝና ጎርጎራ ሩቅ አገር አይደሉም። በዚያ አገር የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጽ በተቀበሉ ጊዜ፣ ስለ ሃይማኖት ብዙ ክርክር ተነሣ፤ የብዙ ሰውም ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ከዚህ በኋላ የሮማ መምህራን ከአገር ተሰደዱ፤ የእነርሱን ወገን ይዘው ከወጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው ናቸው፤ አገራቸውም መካነ ሥላሴ ነው። ግእዝን ጠንቅቀው የተማሩ፣ የአገራቸውንም ታሪክ የሚያውቁ ነበሩ። ከብዙ መንገድ በኋላ ሮማ ደርሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው፣ የኢትዮጵያ መነኰሳት ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ።

ሮማ የነገረ መለኮት ትምህርት የሚፈለግባት ከተማ ናት፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን በዚያ መምህር ሆኑ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ወደ ቤቱ መጣ። ግእዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበርና፣ ከባለቋንቋው አፍ ሊሰማ ወደደ። እርሳቸውም ሳይሰስቱ አስተማሩት። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ወደ ጀርመን አገር አስጠሩዋቸው። መስፍኑም ሉዶልፍም ከሉተር ወገን ሲሆኑ፣ መነኵሴው ግን ስለ ነገሥታቱና ስለ አገሩ፣ ስለ ጾሙና ስለ በዓሉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗም እምነት የተጠየቁትን ሁሉ በቃል አስረዱ።

በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ትምህርታቸው ግን አልሰጠመም፤ ደቀ መዝሙሩ ጽፎት ነበርና። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በ1919 በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለኢትዮጵያውያን ተማሮች ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ ለከፍተኛ የነገረ መለኮት ትምህርት ወደ ሮማ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን በዚያ ቤት ወንበር የዘረጋው የአምሐራ መነኵሴ ነበረ።

በቅኔ ቤትና በድጓ ቤት ዕድሜውን ፈጅቶ፣ ሳይጻፍለት ከነዕውቀቱ የተቀበረ ሊቅ ስንት ነው! አባ ጎርጎርዮስ ከወገናቸው ተለይተው፣ መቃብራቸውም ባሕር ሆኖ ሳለ፣ ስማቸው የቀረው የሚጽፍ ተማሪ ስላገኙ ነው። መምህሩ በሕይወት ሳለ ቃሉን የሚጽፍ ደቀ መዝሙር የተባረከ ነው።