ይድነቃቸው ተሰማ፦ ቡድን የሚሠራው ከታች ነው

የአንድ ክለብ ስኬት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ተገዛው ተጫዋች፣ ስለ ተቀጠረው አሰልጣኝና ስለ ተመደበው ብር ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሕይወት ታሪክ መነሻ አድርጌ ሌላ ነገር ለማሳየት እሞክራለሁ። ቡድን የሚጸናው ለልጆች ቦታ ሲሰጥ፣ ልጆቹም ደረጃ በደረጃ የሚወጡበት ውድድር ሲኖራቸው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የልጃቸው ልብ ግን ወደ ኳስ አደላ። አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ገና በ14 ዓመታቸው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተቀላቀሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዛሬ በአገራችን ብዙ ዋንጫ የሰበሰበው ክለብ ሲጀመር ባለሀብትም መሥሪያ ቤትም አላቋቋመውም። ያቋቋሙት እነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ናቸው። ያውም ጦርነት በነበረበት ዓመት! ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወት ከለከለ፤ የአገሬው ልጆችም ለብቻቸው መጫወት ግድ ሆነባቸው። ቡድኑ ግን ያንን ዘመን አልፎ ተረፈ። አቶ ይድነቃቸውም ለ23 ዓመት ያህል ሌላ ማሊያ ሳይለብሱ ለዚሁ ክለብ ተጫወቱ።

ከነፃነት በኋላ ሰውየው መጫወት ብቻ አልበቃቸውም። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ሥራቸው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ሕጉን በራሱ ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ዳኛም አሰልጣኝም ሊሆን አይችልም፤ ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፋ ዝም ብሎ ይቆማል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ እንድትሳተፍ ከደከሙት መካከልም እርሳቸው ይገኙበታል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ላይ ስትሰለፍ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በእርሳቸው አሰልጣኝነት ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ጨዋታው ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ከሆንን በኋላ ነው በተጨማሪው ሰዓት የለየለት። በዚያ ተጨማሪ ሰዓት ያገቡት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ሁለቱም በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። አሰልጣኙ በዕድሜያቸው አልናቋቸውም ማለት ነው።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዝዳንት ሆነው አገለገሉ። የደቡብ አፍሪካን ዘረኛ አገዛዝ ከስፖርት ለማግለል ያደረጉት ትግል በሰፊው ስለሚታወቅ አልዘረዝረውም። ለእኔ ርዕስ የሚጠቅመው ሌላው ነው። በ1971 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ውድድር የተጀመረው በእርሳቸው ዘመን ነው። በነሐሴ 1977 ዓ.ም. ናይጄሪያ ቻይና ላይ ከ16 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን አፍሪካ የልጆቿን አቅም አየች።

እንግዲህ የሚያሳዝነው በእኛ በኩል ያለው ነው። አፍሪካ በእርሳቸው መሪነት የታዳጊ ውድድር ስታደራጅ፣ የእርሳቸው አገር የ1954ቱን ትውልድ በሌላ መተካት አቃታት። ከ1974 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ለ31 ዓመት ወደዚያ መድረክ አልተመለስንም። ልጅ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ በመሀሉ በ1993 ዓ.ም. ታዳጊዎቻችን አርጀንቲና ድረስ ሄደው በወጣቶች የዓለም ዋንጫ ተጫውተዋል። የጠፋው ልጁ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚረግጠው ደረጃ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ለእኛ የከተማችን የስሟ በዓል፣ የደብረ ታቦር ዕለት ነው። በዚያ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኹትንና ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትን ልጆች ያየ ሰው ጉልበትና ትንፋሽ እንዳልጎደለ ያውቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚነሳው ጉና ተራራ ሥር የሚያድግ የፋርጣ ወይም የላይ ጋይንት ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከፍታው ብቻውን ሯጭም ብስክሌተኛም የሚያወጣ ይመስለናል። አያወጣም!

እኔ ባደግሁበት አካባቢ በፕሮጀክት ታቅፈው የሚሠለጥኑ ልጆች ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጣሉ፣ ኳስ ያንከባልላሉ፤ ግጥሚያ የሚባል ግን በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ልጁ 16 እና 17 ዓመት ሲሞላው መሻሻሉን የሚለካበት ነገር ያጣል። ክረምት ሲገባ ጓደኞቹን ተከትሎ ለሰሊጥ አረማ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሲመለስ ጫማውን ለታናሹ ሰጥቶ ስፖርቱን ይተወዋል። ቤተሰብ ገንዘቡን ስለሚፈልግ ማንም አይፈርድበትም። ግን ስንት ሰው አጣን?

ስለዚህ ከአቶ ይድነቃቸው ሕይወት የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ እርሳቸው የሠሩት ሕግን፣ ማኅበርን፣ የውድድር መርሐ ግብርን ነው። እነዚህ ደግሞ ከስታዲየም ይልቅ ርካሽ ናቸው። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ፊሽካ ይዘን፣ በአካባቢያችን ባሉ ትምህርት ቤቶች መካከል በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚካሄድ ግጥሚያ ብናዘጋጅ፣ ውጤቱንና የልጆቹን ዕድሜ በደብተር ብንመዘግብ፣ መምህራኖቻችንም ቢያግዙን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደሚችል እናውቃለን። ክለቦች መጥተው ቢጠይቁን እንኳ የምናሳያቸው ነገር ይኖረናል። ቸር ይግጠመን።